የመቆም እብጠት

አባባ ስለ ፈረስ እግር የማያውቁት ነገር የለም። የማያውቁት ቢያጋጥማቸው እንኳ ጥፋቱ የእግሩ ነው። እኔ ልጃቸው ጋጣ እየጠረግኩና ፋሻ እየጠቀለልኩ ያደግኩት በእሳቸው ስብከት ነው፦ ፈረስ ቆሞ ከዋለ እግሩ ያብጣል፤ ካንሸራሸሩት እብጠቱ ይጎድላል። ይህን ለጎረቤቱ፣ ለኮርቻ ሰፊው፣ ሌላው ቀርቶ ቁጥር ተሳስቶ ለደወለ ሰው ሁሉ ሰብከዋል። የሚያናድደው ደግሞ ስብከቱ እውነት መሆኑ ነው።

የፈረስ ግልቢያ ውድድሩ ሲቃረብ የባዝራችን የፊት ግራ እግር አበጠ። ከልምምድ ስትመለስ ነው ያየሁት፤ ከጉልበቷ በታች፣ ከኋላ በኩል፣ ጅማቱ ላይ። አንድ እግር ብቻ። ስዳስሰው ይፋጃል፤ ጫን ስለው እግሯን ነጠቀችኝ። የመቆም እብጠት እንዲህ አይሞቅም፣ እንዲህም አያምም፤ ደግሞም አንዱን እግር ለይቶ አይዝም። ጅማቱ የተጎዳ ፈረስ ካሳረፉት ሊድን ይችላል። ካጋለቡት ግን ጅማቱ በሩጫ መሀል ሊበጠስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፈረሱም ጋላቢውም መሬት ናቸው። ጋላቢው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሚኖረው ከተማ ስለሆነ የሚመጣው በውድድሩ ቀን ነው።

ለአባባ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ዳሰሱ፣ ቀና አሉ፣ ሰማዩን አዩና ትንኝ ነክሷት ነው አሉ። ይህን የሚያህል ትንኝ ካለማ ለውድድር ማቅረብ የነበረብን እሱን ነው። ለወንድሜ ልንገረው ስላቸው ተቆጡ። የፈራ ጋላቢ ፈረሱንም ያስፈራል፤ እሱ እስኪመጣ ይሻላታል፤ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰብኩ ኖረው አንድም ጊዜ አሸንፈው አያውቁም፤ ይቺ ባዝራ ደግሞ የምታሸንፍ ነበረች። አሳዘኑኝ፤ ግን የወንድሜን አንገት የሚያህል አላሳዘኑኝም። ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹን የምትመረምረው ሐኪም ካሳለፈቻት፣ አባባ ከቤት ቢያባርሩኝም፣ ለወንድሜ እኔው እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የውድድሩ ሐኪም የፈረሱን እግሮች አንዱን ካንዱ እያስተያየች ትዳስሳለች፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ፈረሱ አይሮጥም። ተራ አጭበርባሪ ቢሆን ያበጠውን እግር ለመደበቅ ይደክም ነበር። አባባ ግን ሊቅ ናቸው። የቀሩትን ሦስት እግሮች አሳበጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስብከቱን መገልበጥ ብቻ። ባዝራዪቱ ከጋጣዋ ንቅንቅ እንዳትል አዘዙ፣ ገብሷን ጨመሩላት፣ የታመመውን እግር ትኩሳቱ እስኪጠፋ በበረዶ አሸጉት። ዕድሜ ልካቸውን «አንሸራሽሩት» እያሉ ሲጮሁብን የኖሩት ሰውዬ፣ ማንም እንዳያንሸራሽራት ወንበር አውጥተው በር ላይ ተቀመጡ። የውድድሩ ጠዋት ባዝራዪቱ በአራቱም እግሯ ትራስ የታሰረባት መሰለች። አባባ ዞር ዞር እያሉ አዩዋትና በሥራቸው ረኩ።

ሐኪሟ ብዙ የማትናገር ሴት ነች። ጎንበስ ብላ መዳሰስ ስትጀምር አባባ ፋታ አልሰጧትም። ይሄ የመቆም እብጠት መሆኑን፣ ልጃቸው፣ ማለትም እኔ፣ ሰነፍ በመሆኔ ባዝራዪቱ ቆማ መሰንበቷን፣ ትንሽ ብትንሸራሸር የአራቱም እግር እብጠት እልም ብሎ እንደሚጠፋ አስረዷት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአባባ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የአፋቸው ተራ ነበር።

«ጥሩ፤ እንግዲያው ያንሸራሽሯትና እንይ» አለች ሐኪሟ።

አባባ ገመዱን ያዙ። ወንድሜ ለግልቢያ ለብሶ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ፣ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ባዝራዪቱ ግቢውን መዞር ጀመረች። በዞረች ቁጥር የኋላ እግሮቿ እየሟሸሹ፣ የፊት ቀኙም እየቀጠነ መጣ። የአባባ ስብከት እንደዚያ ጠዋት በሰው ፊት ተረጋግጦ አያውቅም። የፊት ግራው ብቻ እንዳበጠ ቀረ። አባባ ይህን ሲያዩ ርምጃቸውን አዘገዩ፤ ቀጥሎም አቅጣጫ ቀይረው ግራ ጎኗን ከሐኪሟ ሊከልሉ ሞከሩ። ክብ ግን ክብ ነው፤ የሄደው ሁሉ ዞሮ ይመጣል።

ሐኪሟ ግራውን እግር ጫን ስትለው ባዝራዪቱ ነጠቀቻት። ትኩሳቱም ተመልሶ ነበር። እንደማትሮጥ፣ ጅማቱ በአልትራሳውንድ መታየት እንዳለበት፣ ረጅም ዕረፍት እንደሚያስፈልጋት ተናግራ ወደሚቀጥለው ፈረስ ሄደች።

ወንድሜ መጥቶ ተንበረከከና መዳፉን ያበጠው እግሯ ላይ አሳረፈ። አባባ ስለ ትንኙ መተረክ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። ካበጠ መሰንበቱን፣ እሳቸውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማወቃቸውን ነገርኩት። እጁን ሳያነሣ ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይቀመጡባት ነበር?»

አባባ ጥያቄውን ከልባቸው አሰቡበት።

«እኔማ እከብዳታለሁ» አሉ።

ያን ሰሞን ሁሉ በሆዴ ስስቅባቸው ከርሜ ነበር። ያን ስሰማ ግን ሳቄ ጠፋብኝ፤ እንባዬ መጣ። ወንድሜ ተነሣ፤ የራስ ቁሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ገመዱን ከአባባ እጅ ወስዶ እግሯን ሊያቀዘቅዝላት ባዝራዪቱን ወደ ውሃው ቧንቧ ይስብ ጀመር። አባባ ባዶ እጃቸውን ከኋላችን ቆመው ቀሩ። ጥቂት እንደሄድን ድምፃቸውን ሰማን፤ ስብከት የሌለበት፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር።

«ቀስ አድርገህ ውሰዳት፣ ልጄ። እግሯን ያማታል።»

ወንድሜ ዞሮ አላያቸውም። ርምጃውን ግን አሳጠረ።