ዋስ የሌለው አይናገርም

ዶክተር ኢናቭ ተማሪዎቿን ጥያቄ መጠየቅ ካቆመች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። በዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ስለ ማኅበረሰብ ነው፤ ያለ ጥያቄና ያለ ክርክር የማይሆን ትምህርት። ነገር ግን አንድ ቀን «ጎረቤታችሁ ብስክሌቱን ደረጃው ላይ ቢያቆም ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሰማንያው ተማሪ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ሌላውን አረመኔ አለው። ታሊ የምትባል ተማሪ እያለቀሰች ወጣች። ኡሪኤል የሚባለው ደግሞ ሁሉንም በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ቪዲዮው ላይ ኢናቭ እጆቿን ዘርግታ «እባካችሁ ብስክሌቱን እንተወው፣ እባካችሁ ብስክሌቱን እንተወው» ትላለች። አራት ሺህ ሰው አየው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ትገባለች፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ታነባለች፣ ቦርሳዋን አንሥታ ትወጣለች።

እናቷ ጠጅቱ ቂርያት ማላኪ በምትባል ከተማ ነው የምትኖረው። ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ የማሸጊያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለች። ልጇ ለሰንበት ስትመጣ ምን ሆነሻል ብላ ጠየቀቻት፤ ኢናቭ ደኅና ነኝ አለች። ደግማ ስትጠይቃት ሁሉንም ነገረቻት።

ጠጅቱ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «ብስክሌቱስ ተነሣ ወይ?» አለች።

ኢናቭ ብስክሌት የሚባል እንዳልነበረ፣ ለምሳሌ ያህል እንደተነሣ አስረዳቻት። ጠጅቱ ግን ሊገባት አልቻለም። ሰማንያ የተማረ ሰው በሌለ ብስክሌት እንዴት እንደሚጣላ ሳምንቱን ሙሉ ስታስበው ከረመች።

ኢናቭ ብቻዋን አልነበረችም። እንደሷ በክፍላቸው ውስጥ በክርክር የተጎዱ ስድስት መምህራን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጧት ገደራ ውስጥ በሰፈሩ መትናስ፣ በሕዝብ መሰብሰቢያ ማእከሉ፣ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸው ይሰበሰቡ ነበር። የሚመራቸው ኤሊኦር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ነው፤ ትንሽ ቃጭልና ባለቀለም ካርዶች ይዞ ይመጣል። ሐሳቡ፣ ሳይሰዳደቡ መከራከርን እርስ በርስ ተለማምደው ወደ ተማሪዎቻቸው እንዲወስዱት ነበር። ችግሩ፣ ሁሉም ከመፍራታቸው የተነሣ የሚከራከር ጠፋ። ኤሊኦር አንድ ርዕስ ይጥላል፤ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው «በጣም ይገባኛል» ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ተግባብተው፣ እንደመጡ ይመለሳሉ። ቢጨንቀው ኤሊኦር፣ እውነተኛ ጠብ ያለው ሰው የሚያውቅ ካለ እንዲያመጣ ለመናቸው።

ኢናቭ ይህን በምሳ ላይ እንደ ቀልድ ብታወራው፣ ጠጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሁለት አሉኝ» አለች።

አንደኛው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ ባሏ ይርሳው ነው። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሟ ያረጋል፣ አሁን የያቭነ ከተማ ነዋሪ። ሁለቱ የተጣሉት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከቂርያት ማላኪ ወደ ያቭነ ለሠርግ ሲሄዱ ነው። ይርሳው በገደራ ይቀርባል አለ፤ ያረጋል በአሽዶድ ይፈጥናል አለ። በሁለት መኪና ሄደው አዳራሹ በር ላይ እኩል ደረሱ፤ ሁለቱም ግን «ቆሜ ስጠብቅህ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቅሶም በሠርግም ሲገናኙ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ የልጆችን ጤና በአንቱታ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አይነጋገሩም።

ጠጅቱ ለባሏ፣ ዶክተሮች ስለ መንገድ ሊጠይቁት እንደሚፈልጉ ነገረችው። ለወንድሟም በስልክ ይኸንኑ ነገረችው። ሁለቱም ዓርብ ጧት ኮት ለብሰው መትናሱ በር ላይ ተገናኙ። ሰላምታው አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጠጅቱም ከኋላ አንድ ወንበር ያዘች።

መጀመሪያ ነገሩ መልካም ሄደ። ይርሳው በገደራ ያለውን መንገድ በአማርኛም በዕብራይስጥም እያቀላቀለ አስረዳ፤ የጎደለውን ኢናቭ ተረጎመች። ያረጋል በተራው ስለ አሽዶድ ተናገረ። መምህራኑ ይጽፋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኤሊኦር ደስ ብሎት ካርዶቹን ሊያድል ሲነሣ፣ ኦዝ እጁን አወጣ። ኦዝ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የያቭነ ሰው ሲሆን እስከዚያ ቀን ድረስ «ይገባኛል» ከማለት በቀር ተናግሮ አያውቅም። ቀስ ብሎ፣ መንገዱ በሚጨናነቅበት በዓርብ ቀን በገደራ የሚሄድ ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊመረመር ይገባል አለ።

የታሪክ መምህርቷ ኦሪያን የገደራ ሰው ናት። ከተማዋ የተሰደበ መሰላትና ተነሣች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ቢያይ፣ ሁለቱም መንገድ እኩል ሃያ ስድስት ደቂቃ ይላል። ይህ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ ግማሹ ስልኩ ዓርብን አያውቅም አለ፣ ግማሹ ስልኩ በአሽዶድ ሰዎች ተገዝቷል አለ። ኤሊኦር ቃጭሉን ሲያንቃጭል ቆየ። በመጨረሻ ራሱ ቃጭሉን እንደያዘ፣ በአሽዶድ መሄድ የሚወድ ሰው ከልጅነቱ ያልዳነ ቁስል አለበት ብሎ ጮኸ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ያረጋል ወደ ይርሳው ጠጋ አለ።

«ልጆቻችንን የሚያስተምሩት እነዚህ ናቸው?»

«እነዚሁ ናቸው» አለ ይርሳው።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተነጋገሩት ይኸንን ነበር።

ያን ጊዜ ጠጅቱ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። የፋብሪካ ማሽን አሸንፎ የኖረ ድምፅ ነውና ሁሉም ዝም አለ።

«በአባቴ ቤት ዋስ የሌለው ሰው በነገር ላይ አይናገርም» አለች። «መናገር የፈለገ ዋስ ይጥራ። ዋሱም ከባላጋራው ወገን ይሁን። ተናጋሪው ከተሳደበ እሱን አንነካውም፤ ዋሱ ተነሥቶ ይዘፍናል።»

ኢናቭ ዋስ የሚለውን በዕብራይስጥ «ዓሬቭ» ብላ ተረጎመችላቸው። ይርሳውና ያረጋል ተያዩ። የጠጅቱን አባት ሁለቱም ያውቁታል። ዋስ ይጠራ እንደነበረ እውነት ነው፤ ዋሱ ግን የገዛ ዘመድ ነበር እንጂ ባላጋራ አልነበረም፣ ዘፈን የሚባልም አልነበረም። ሴትዮዋ ከራሷ ጨምራ ነው። ሁለቱም ግን አላጋለጧትም።

ኦዝ ገና የሚናገረው ነበረው። ስለዚህ ክፍሉን አቋርጦ ወደ ኦሪያን ሄደና ዋስ እንድትሆነው ጠየቃት። እሷም መጀመሪያ ምን ሊል እንደሆነ ጠየቀችው። በጆሮዋ ነገራት። «ገጠሬዎች» የምትለዋን ቃል አውጣት አለችው፤ አወጣት። ተመልሶ ቆሞ ሥርዓት ባለው ቋንቋ መናገር ጀመረ፤ መጨረሻ ላይ ግን አምልጦት «እናንተማ ከድሮም እንዲህ ናችሁ» አለ። ጠጅቱ ስድብ ነው ብላ ፈረደች። ኦሪያን ተነሥታ፣ በመዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን የዝናብ መዝሙር ከእንቅስቃሴው ጋር ዘፈነች፤ ድምፅ አልፈጠረባትም። ኦዝ በኀፍረት ቲማቲም መሰለ። ቀጥሎ ሊናገር ሲፈልግ እያንዳንዱን ቃል አስቀድሞ ለኦሪያን እያነበበ ነበር።

የያረጋል ዋስ ይርሳው ሆነ። ያረጋል ያን ቀን እንደ ማር የጣፈጠ ንግግር አደረገ፤ ይርሳው ሲዘፍን አንድ ጊዜ ሰምቶት ያውቃልና።

እስከ ቀትር ድረስ ሐሳቡን የለወጠ አንድም ሰው አልነበረም። የገደራው በገደራ ቀረ፣ የአሽዶዱም በአሽዶድ። ነገር ግን ሲወጡ መኪና ማቆሚያው ላይ ገና ይከራከሩ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ተሰናብቶ ለመሄድ ይቸኩል ነበር። ያረጋልም በሚቀጥለው ዓርብ ለይርሳው ደውሎ ስለ ትራፊክ አርባ ደቂቃ አወሩ። ጠጅቱ ስልኩን ስጠኝ ብትል የሚሰማት አላገኘች።

ኢናቭ ሰኞ ክፍል ስትገባ ስክሪኑን አልከፈተችም። የዋሱን ሕግ ነገረቻቸውና ያንኑ የብስክሌት ጥያቄ ደግማ ጠየቀች። ኡሪኤል እጁን አወጣ። ዋስህ ማነው አለችው። ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ከዚያኛው ወገን እሺ የሚለው የለም፤ ቪዲዮውን ሁሉም ያስታውሳል። በመጨረሻ ታሊ ከመስኮቱ በኩል ተነሣች።

«እኔ እሆነዋለሁ» አለች። «ግን መጀመሪያ የሚለውን ያሳየኝ። ስልኩንም እኔ እይዘዋለሁ።»

ኡሪኤል ስልኩን ሰጣት። ሁለቱ ጥግ ይዘው አንድ ወረቀት ላይ ሲሰርዙ ሲጽፉ፣ ሌሎቹም እየተነሡ ዋስ ፍለጋ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሱ ጀመር። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተዘፈነ። አጠገባቸው ያለው ክፍል መምህር መጥቶ በሩን አንኳኩቶ ምን እየተማሩ እንደሆነ ጠየቀ። ኢናቭ በሚቀጥለው ስብሰባ ገደራ ከመጣ እንደምታስረዳው ነገረችው፤ እሱም አድራሻውን ጽፎ ወሰደ።

ከክፍል ስትወጣ ለእናቷ ደወለች። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ይጮኻል።

«ኢማ፣ ጠየቅኋቸው» አለች።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ቶሎ በይ። ዘፈኑ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ቤሰደር፣ ደኅና ነው» አለች ጠጅቱና ስልኩን ዘጋችው።