ስድስት መቶ ሙሉ ልብስ

አባቴን ሰፈሩ «አባ ሜትር» ይለዋል። የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ስፌቱን ከተወ ወዲህ እንኳ ምሳ ሲቀርብ አብሮት ይቀርባል። የሚኮራበት ነገር አንድ ነው፤ «ይህን ቤት በስድስት ዓመት፣ በአንድ ስፌት መኪና፣ በአንድ ሰው ላብ ገዛሁት።»

አከራያችን በሦስት ወር ውስጥ ቤቱን እንድንለቅ በነገረችን ሰሞን፣ አባቴን የጓሮውን ክፍል ለሁለት ዓመት እንዲሰጠን ለመንኩት። ክፍሉ አሮጌ ጨርቅ ከማጠራቀም በቀር ሥራ የለውም። ባሌ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እኔም እንደ አባቴ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉን።

«እኔ በአንድ ሰው ገቢ የገዛሁትን እናንተ ሁለት ሆናችሁ አቃታችሁ?» አለኝ። «ክፍሉን ብሰጣችሁ ስንፍና አስተማርኳችሁ ማለት ነው።»

እኔ ስናደድ ከማልቀስ ይልቅ መቁጠር ይቀናኛል። እውነት ሰንፈን ይሆን? ማወቅ ፈለግሁ።

ብርን ከብር ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ያኔ ጫማ የሚገዛው ዛሬ ማስቲካም አይገዛም። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ ልብስ ለካሁት። አባቴ ከሰፋው ልብስ ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ደብተር ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ከሥሩ ቀኑና የእጅ ዋጋው ተጽፏል። ቤቱን የገዛበትን ዋጋ ደግሞ ሲያወራው ስሰማ ስላደግሁ በቃሌ ነው። በእጅ ዋጋው አካፈልኩት። ስድስት መቶ ሙሉ ልብስ መጣ።

ግድግዳ የሚጋራው የጎረቤት ቤት፣ የአባቴ ቤት መንትያ፣ ለሽያጭ ቀርቦ ስለነበር ደላላውን ጠየቅሁ። በእኔ የእጅ ዋጋ ሳካፍለው አራት ሺህ ሙሉ ልብስ! የጓሮውን ጨምሮ ያው ሦስት ክፍል፣ ያው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ።

«ምን ተጨምሮበት ነው?» አልኩት።

«ዕድሜ።»

እኔም ላይ ዕድሜ ተጨምሯል፤ ዋጋ የጨመረልኝ ግን የለም።

በሳምንት ሁለት፣ በዓመት መቶ ሙሉ ልብስ እሰፋለሁ። የባሌ ደመወዝ ከእኔ ገቢ እኩል ነው። ሁለታችን ሳንበላ ሳንጠጣ ብንሠራ ሃያ ዓመት። ባሌ ይህን ሲሰማ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?» አለኝ። «አንበሳ ነው የተባለው፣ ቤት መች ተባለ?» አልኩት።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በደብተሩ መሠረት አባቴ በሳምንት አራት ሙሉ ልብስ ይሰፋ ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እጄም ቀርፋፋ አይደለም። ታዲያ እጥፉ ከየት መጣ?

ቁራጮቹን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ሁሉም ላይ አንድ አንድ የአዝራር ቀዳዳ ተሰፍቷል። ኮቱን ከመብሳት በፊት ቀዳዳውን በቁራጩ መሞከር የሙያችን ደንብ ነው፤ ኮት አንዴ ከተበሳ አይመለስማ። ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ነው። የአባቴን የአዝራር ቀዳዳ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ አይጥ የበላው ይመስላል።

እሑድ ከምሳ በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ስድስት መቶውንም አራት ሺውንም ነገርኩት። አላመነም። «ደላላ መቼ እውነት ያወራል!» ብሎ ራሱ ሊጠይቅ ጎረቤት ሄደ። ሲመለስ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በእጁ ጠቅልሎት ነበር።

«ዛሬ ወጣት ብሆን ኖሮ» አለ፣ «ይቺን ቤት በሩቁ ነበር የማያት።»

«ሌላም አለ፣ አባዬ። እነዚህን ቀዳዳዎች ማን ሰፋቸው?»

«እናትሽ ናታ! ቀዳዳውን፣ ገበሩን፣ የሱሪውን ጠርዝ። አንቺ እስክትወለጂ ድረስ እሷ ነበረች።»

«ታዲያ በአንድ ሰው ላብ የምትለው?»

«አንድ ላይ ስለምንሠራ...» አለ፣ «እንደ አንድ ቆጠርኩት።» ፊቱ የዋሸ ሰው ፊት አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ሳይቆጥር የኖረ ሰው ፊት ነበር። አሳዘነኝ።

ሳህን ስትሰበስብ የነበረችው እናቴ አንዱን ቁራጭ አነሣችና ቀዳዳውን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ሦስት ክፍል ለሁለት ሲካፈል ስንት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ተኩል።»

«እንግዲያው» አለችው አባቴን፣ «ግማሿን ክፍል ላንተ መርቄልሃለሁ። የጓሮውን ግን ለልጄ ሰጥቻለሁ።»

አባቴ ሜትሩን እየፈታ ወደ ጓሮ ወጣ። ጨርቅ ሲያነሣ፣ ሣጥን ሲገፋ ተሰማን።

«አልጋ የሚገባ እንደሆነ ልለካው ነው፤ ነይ ጫፉን ያዢልኝ!» አለ።

ብድግ አልኩ።

«አንቺን አይደለም» አለኝ። «እናትሽን ነው።»