ታጥቦ የተደፋው ኩባያ

ኬትኪ ፑኔ ከተማ ውስጥ ቤት ስትፈልግ አሥራ አራት በር አንኳኩታለች። በአሥራ አራቱም በር የተጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "ሙሉ ስምሽ ማነው?" ሥራዋንና ደመወዟን የሚጠይቋት ከዚያ በኋላ ነው። ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን መሆኗን የሚያሳብቀውን የቤት ስሟን ስትናገር ፊታቸው ይለወጣል፤ ቤቱም ወዲያው "ትናንት ተከራየ" ይባላል። እንዲህ በአንድ ሌሊት የሚከራይ ቤት ሁሉ የት እንደሚገባ አንድዬ ይወቀው። አሥራ አምስተኛው በር ላይ ግን ብልሃት ገባት፤ የቤት ስሟን ዋጥ አድርጋ የአያቷን ስም ሰካችበት። "ኬትኪ ዋማን" አለች። አከራይዋ ወይዘሮ ኒሊማ ለአፍታ ትክ ብለው አዩዋትና "እሺ ልጄ፣ ግቢ" አሏት።

የአሥራ አንድ ወር ውል ተፈራረሙ። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ገባች፤ ወይዘሮ ኒሊማ ከባላቸው፣ ከሴት ልጃቸውና ከአማታቸው ጋር አምስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ውሉ የሚያልቀው በየካቲት መጨረሻ ነው።

ኬትኪ ሥራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መፈተሽ ነው። ሌላው የሠራውን ነካክታ የሚበላሽበትን ቦታ ታገኛለች። ጠዋት ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ ስትሄድ ደግሞ ስለ አገሯ የታዘበችውን ስልኳ ላይ ትጽፋለች። "ጨረቃ ላይ መንኮራኩር እንልካለን፤ የቤት ሠራተኛችን የጠጣችበትን ኩባያ ግን ለብቻው እናስቀምጣለን" ብላ ጽፋለች አንድ ቀን። ለማንም አሳይታ አታውቅም። ፈሪ ለናቱ ነው፤ እሷም ለእናቷ ብቸኛ ልጅ ናት።

እናቷ ያሳደጓት ላቱር አጠገብ ባለች መንደር ነው። የመንደሩ ሻይ ቤት፣ የነካው ይረክሳል ለሚባለው ለእነ ኬትኪ ወገን የሚያቀርባቸው ኩባያዎች ውጭ፣ የድንጋይ እርከን ላይ ነበሩ የሚቀመጡት። ጠጥተህ፣ ራስህ አጥበህ፣ ደፍተህ ትሄዳለህ። እናቷ ገና በልጅነቷ "እጠቢ ሳይሉሽ እጠቢ" ይሏት ነበር። "ታዘሽ ስታጥቢ ውርደት ነው፤ ቀድመሽ ስታጥቢ ጨዋነት ነው።" ኬትኪ ይህን ምክር ከነጭራሹ የረሳችው ይመስላት ነበር።

ጥር ላይ የሳንክራንቲ በዓል ደረሰ። ወይዘሮ ኒሊማ የሕንጻውን ሴቶች ጠርተው በስኳር የተለወሰ ሰሊጥ ያድሉ ነበር። "ሰሊጡን ብዪ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን አውሪ" ይባላል በዚያ ቀን። ለኬትኪም ሰጧትና ሻይ ቀዱላት። ኬትኪ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፉት ስትል፣ ማዶ የተቀመጡት የሰማንያ ዓመቷ አማት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አደረጉ። ሰው ሁሉ አጂ ነው የሚላቸው፤ አያት እንደማለት።

"አንቺ ልጅ፣ ሙሉ ስምሽ ማነው?"

"ኬትኪ ዋማን፣ አጂ።"

"ዋማን የሰው ስም ነው። የቤት ስምሽን ነው እኮ የምጠይቅሽ። እናንተ ቤት የላችሁም?"

ሴቶቹ ሳቁ። ኬትኪም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ። "ቤትማ አለን አጂ፤ እኔም ቤት አጥቼ ነው የእናንተን የተከራየሁት" አለች። ሳቁ ደመቀ፣ አጂ ግን አልሳቁም። "አፈኛ ናት" አሉ። "አባትሽስ የየት አገር ሰው ናቸው?"

ኬትኪ ብድግ አለች። የምትሄድበትን አላወቀችም፤ ብቻ ከዚያ ጥያቄ ፊት ዘወር ማለት ነበረባት። ኩባያዋን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ እጇ ቀደማት። ቧንቧውን ከፈተች፣ ኩባያውን አጠበች፣ ከሌላው ዕቃ አርቃ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ደፋችው። ከደፋችው በኋላ ነው ምን እንዳደረገች ያየችው። የሌሎቹ ሴቶች ኩባያ እንኳን ሊታጠብ ከተቀመጠበት አልተነሣም። በዚህ ቤት ሰው ጠጥቶ ይተወዋል፤ የሚያጥብ ሌላ ነው። በሰው ቤት ኩባያውን አጥቦ፣ ለብቻው ደፍቶ የሚሄድ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አገሬው ያውቃል።

ዞር ስትል ወይዘሮ ኒሊማ በሩ ላይ ቆመዋል።

አልፈዋት ሄዱና የታጠበውን ኩባያ በሁለት ጣታቸው አንሥተው እቃ ማጠቢያው ውስጥ፣ ካልታጠቡት ድስቶች መሀል ጨመሩት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ሂጂ፣ ተቀመጪ" አሉ። ኬትኪ ተጸየፉኝ አለች በልቧ፤ እኔ የነካሁትን እንደገና ሊያሳጥቡት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የሕንጻው ነዋሪዎች ስለ እሷ የጻፉ ይመስላታል፤ የጻፉት ግን ስለ ውኃ ታንከርና ስለ ጠፋ ድመት ነው። ዘበኛው ሰላም ሲላት ሰላምታው ያጠረ መሰላት። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴት ስልኳን ለማውጣት ፈቀቅ ብትል ኬትኪ ፎቋ ሳይደርስ ወረደች። የምትፈራው መባረርን ብቻ አልነበረም። አሥራ አራቱን በር እንደገና፣ አሁን ደግሞ ወሬው ቀድሟት፣ ማንኳኳቱን ነው። በቀጥታ ተሰድባ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ሰው ያልሰደባትን ስድብ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትሰድብ መዋሏ ነው የገደላት።

መጨረሻ ላይ ለእናቷ ደውላ የኩባያውን ነገር ነገረቻቸው።

"ማን አየሽ?" አሉ እናቷ።

"አከራይዋ።"

"ምን አለችሽ?"

"ምንም።"

"ምንም ካላለችሽ ክፉ ነው።" እናቷ ድምፃቸው ተሰበረ። "ስንት ዓመት ማጠብ አስተማርኩሽ፤ አሁን ደግሞ አለማጠብ ላስተምርሽ ነው ልጄ?"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ እሑድ ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኒሊማ ናቸው፤ ብቻቸውን። እጃቸው ላይ አዲስ ውል አልያዙም።

"ይግቡ ካኩ" አለች ኬትኪ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት ሻይ አፈላች። ይጠጡልኝ ይሆን፣ ወይስ ሰበብ ይፈጥራሉ? እያለች ኩባያውን አቀረበች። ወይዘሮ ኒሊማ ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፤ ደገሙ፤ እስከ አተላው ጨለጡት።

ከዚያ ተነሡ። ማድ ቤት ገቡ። ኬትኪ ተከትላቸው ስትገባ ቧንቧው ተከፍቷል። ወይዘሮ ኒሊማ የወርቅ አምባራቸውን ወደ ክንዳቸው ገፍተው ኩባያውን አጠቡ፤ አፉን በአውራ ጣታቸው ዞር አድርገው፣ ልክ እናቷ እንደሚያጥቡት። አራገፉት። ከዕቃው ሁሉ አርቀው መስኮቱ ላይ ደፉት።

ኬትኪ ኩባያውን አየች፣ ቀጥላ እሳቸውን።

"ካኩ... እርስዎም?"

"ዝም በይ።" ወይዘሮ ኒሊማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ባሌ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስንጋባ ወላጅ የላትም አለ፤ ቤተሰቦቹም አመኑ። ሃያ ስድስት ዓመት እጄን አስሬ ኖሬያለሁ። እናቴ ስትሞት እንኳ አልሄድኩም፤ ለሞተ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስማ። ስምሽን የነገርሽኝ ቀን ነው ያወቅኩሽ። የቤት ስሙን የሚደብቅ ሌላ ማን አለ? አዝኜ ነው ያስገባሁሽ።"

"ያን ዕለት ኩባያውን ከቆሻሻው ጋር የጨመሩት..."

"አማቴ እንዳያዩብሽ ነዋ! ምን መስሎሽ ነበር?"

ኬትኪ የመሰላትን መናገር አልቻለችም። አንድ ሳምንት ሙሉ ረግማቸው ነበር። አለቀሰች፤ እፎይታ ይሁን ኀፍረት አልለየላትም።

ወይዘሮ ኒሊማ ግን አላባበሏትም። "ልጄ በሚያዝያ ትዳራለች። የሚወስዷት ስም አጣሪ ቤተሰብ ናቸው። በየካቲት ውልሽ ሲያልቅ ትለቂያለሽ።"

"ካኩ! ለማንም አልናገርም እኮ። በእናቴ!"

"አንቺ አትናገሪም። እጅሽ ነው የሚናገረው። አማቴ አንቺን ካወቁ፣ ቀጥሎ 'ማን አስገባት' ይላሉ። ከዚያ እኔን ማየት ይጀምራሉ።" እየተናገሩ ወደ በሩ ገልመጥ ገልመጥ ይሉ ነበር። ኬትኪ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከእሷ የባሰ የፈራ ሰው በዚህ ሕንጻ ውስጥ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

"የት እገባለሁ?"

ወይዘሮ ኒሊማ ከመቀነታቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሰሊጥ አወጡና እጇ ላይ አስቀመጡት፤ ከሰሊጡ ጋር የሚባለውን ቃል ግን አላሉትም።

በዚህ መሀል ኮሪደሩ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ኒሊማ ፊታቸው በአንዴ ተለወጠ። ወደ በሩ ሮጡ፤ እየሮጡ ጮኹ። "ነገርኩሽ! ውልሽ ሲያልቅ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ!"

"ምን አድርጋ ነው?" አጂ የበሩ ደፍ ላይ ቆመዋል።

"የቤት ስሟን አልናገርም አለች፣ እናቴ። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤቴ አላኖርም።"

"እኔ ምን ብዬ ነበር?" አጂ ምርኩዛቸውን ወደ ውስጥ ቀሰሩ። "ደግሞ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ታወሪያለሽ? እስኪ ቤቱን ምን እንዳደረገችው ልየው።"

ወይዘሮ ኒሊማ መንገዱን ለመዝጋት ፈለጉ፤ ነገር ግን ምራት አማቷን አትዘጋም። አጂ አልፈዋቸው ወደ ማድ ቤቱ አመሩ። ያኔ የወይዘሮ ኒሊማ ዓይን በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አልፎ መስኮቱ ላይ ቀረ። ኩባያው እዚያው ተደፍቷል፤ ውኃው ገና አልደረቀም። እጃቸውም እርጥብ ነው። ሳሪ ልብሳቸው ውስጥ ደበቁት።

ኬትኪ ብትተወው የሚሆነው ሁሉ ታያት። እሷ ገና ማድ ቤት ውስጥ ናት፤ ከመስኮቱ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ነበር የቀራት። በሁለት ጣቷ ኩባያውን አንሥታ፣ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ካልታጠበው ድስት ሥር ወሸቀችው።

አጂ ደርሰው ከመነጽራቸው በላይ ማጠቢያውን ቃኙ፤ ከዚያ ኬትኪን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ዕቃ እንኳ አታጥብም" አሉ ለምራታቸው። "አየሽ፣ ቆሻሻ ናት።"

"አዎ እናቴ" አሉ ወይዘሮ ኒሊማ። "ቆሻሻ ናት።"