እትዬ ሜትር እና ጨፋሪዋ ውርንጭላ

ሠዓሊዋ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ልቧ ጮቤ ይረግጥ ነበር። እንዴት አይረግጥ! ጎንበስ ብላ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ የሳለችው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያዋ፣ ዛሬ ከጥረዛ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰፈሩ የልጆች ማንበቢያ ክፍል ራሷ ታነበዋለች። ቁርስ የሚባል ነገር አልቀመሰችም። ጫማዋን እንኳ አንዱን ቡናማ፣ አንዱን ጥቁር አድርጋ ነበር የወጣችው። መንገድ ላይ አየችው፣ ሳቀች፣ መንገዷን ቀጠለች። እንዲህ ባለ ቀን ማን የሰው ጫማ ያያል?

መጽሐፉ ዱብዱብ ስለምትባል ውርንጭላ ነው። ዱብዱብ ጭነት እንድትለማመድ ነበር የታሰበው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ባልዲ ሲወድቅ ሰማች፣ በር ሲንኳኳ ሰማች፣ እግሯ አልታዘዝ ይላል። ትጨፍራለች። ጭነቱ ይበተናል፣ ባለቤቷ ይቆጣል፣ በጎቹ ይስቃሉ። እሷም ከጋጣው ጀርባ ሄዳ ማንም ሳያያት ለብቻዋ መጨፈር ትጀምራለች። ማንም አላየኝም ትላለች እንጂ፣ በየገጹ ጥግ፣ አንዴ ከቅርጫት ሥር፣ አንዴ ከገለባ ሥር፣ የተኛች የምትመስል አንዲት ጫጩት አለች።

ሠዓሊዋ መጀመሪያ የሳለችው ግልገል ነበር፤ ግልገሏ አልጨፍር አለች። ቀጥላ የጥንቸል ልጅ ሞከረች፤ እሷም ትዘላለች እንጂ አትጨፍርም። ውርንጭላዋን የጀመረች ቀን ግን እጇ ራሱን ችሎ ሄደ። ከየት አመጣሻት ሲሏት ደረቷን ነፍታ «ከራሴ ነዋ» ትል ነበር። ወይ ከራሴ! ሰው ከራሱ የሚያመጣው ነገር ስንት ነው? ግን ደስ ያለውን ሰው ማን ይመክራል።

አታሚው ክብ ያለ፣ ቀልድ ካልቀላቀለ ሰላምታ መስጠት የማይችል ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት እጁ ይዞ አመጣላት። ገለጠችው፣ አሸተተችው፣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ እንደገና ገለጠችው። ቀለሙ ቁጭ ብሏል። ዱብዱብ ከወረቀቱ ዘልላ ልትወርድ ምንም አልቀራት። አታሚውም ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ አየና ፈገግ አለ።

«ይቺን አህያ አውቃታለሁ» አለ። «የሱሪዬን ልክ የወሰደችው እሷ ናት።»

ሠዓሊዋ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ ሥዕሉ ላይ ቀረ። የዱብዱብ ገመድ አንገቷ ላይ ተጠልፎ በሁለቱም በኩል ወርዷል፤ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር። ከንፈሯ ጥግ ገለባ ነክሳለች፤ ልክ እንደ ስፒል። ስትሽከረከር ደግሞ አንዱን ትከሻ ሽቅብ ሰቅላ፣ ጭራዋን እንደ ቀሚስ ጫፍ በሰኮናዋ ቆንጠር አድርጋ፣ ቅንድቧን አኮሳትራ ነው። ይህ ቅንድብ፣ ይህ ትከሻ የማን እንደሆነ ሲገባት ክው አለች። አክስቷ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አክስቷን አህያ አድርጋ ስላታለች።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር ጠፍቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ እትዬ ሜትር ይላታል፤ ከእሷ ልክ ያልተወሰደለት ሰው በሰፈሩ የለም። የእህቷን ልጅ ሠዓሊዋን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ባል አላገባች፣ ሠርግ ቤት ከወንበሯ አልተነሣች፣ ከደንበኛ ጋር ጥርሷን አልገለጠች። ኩሩ ናት። ቤቷ ውስጥ ከአፍ የማይወጣ ነገር ቢኖር ደግሞ «አህያ» የሚል ስድብ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ልክ ሲወሰድለት ሚስቱን «አንቺ አህያ» ቢላት፣ እትዬ ሜትር ልኩን ወስዳ ጨረሰች። በቀጠሮው ቀን ሱሪውን አጣጥፋ ሰጠችው። ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ሲዘረጋው ባለ አንድ እግር ሆኖ አገኘው።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው ይህ መጽሐፍ የሚነበበው። ያውም ሰፈሩ ሁሉ እያየ፤ ምክንያቱም ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ የጠራችው ራሷ እትዬ ሜትር ናት።

ሠዓሊዋ ሥርጭቱን ማስቆም ይቻል እንደሆነ አታሚውን ጠየቀችው። ቅጂዎቹ ተጠርዘው፣ ታስረው፣ ወደ ማንበቢያው ክፍል ከሄዱ ቆይተዋል። አታሚው ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ አላት። ሲያያት ግን አዘነላትና፣ ከእሱ በቀር ማንም ልብ አይልም ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። እሱ ግን በአንድ እይታ ነው ያወቃት። ምን ያለ ማጽናኛ ነው!

በእነዚያ ሁለት ዓይነት ጫማዎች እየሮጠች ወደ ልብስ ስፌቱ ሄደች። አስቀድማ ልትነግራት ቆርጣለች። ከሰው ፊት ከሚፈነዳ እዚሁ ይፈንዳ፣ ትቆጣኝ፣ ትግረፈኝ ብላ። ደረሰች፤ በሩ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ካርቶን ነው። ውስጥ እትዬ ሜትር አዲስ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ለእሷም አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ዘርግታ ትጠብቃታለች። ዓይኖቿ ያበራሉ። እንዲህ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም።

«እቴቴ፣ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር...» ብላ ጀመረች።

«ክሩ ሳይነቀል አላይም፣ አልሰማም» አለቻት አክስቷ በስፒሎቹ መሃል። «ነይ ልበሽ።»

ይሄ የቤቱ ሕግ ነው። እትዬ ሜትር ለጊዜው ያያያዘችበት ነጭ ክር ተነቅሎ ሳያልቅ ልብሱን ለባለቤቱ አታሳይም። ያላለቀ ነገር ያየ ሰው አፉን ያስገባል፣ አፍ የገባበት ልብስ ይበላሻል ትላለች። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ አንድ ገጽ እንኳ ለማየት እንቢ ያለችው። ሠዓሊዋም ስንት ጊዜ ልታሳያት ፈልጋ በዚሁ ሕግ ተመልሳለች። አሁንም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የቀሚሱ አንገትጌ ጠበበኝ፣ እጅጌው ረዘመብኝ እያለች መነጫነጭ ያዘች። አክስቷ ጫማዋን ቁልቁል አየችና፣ አንገትጌው ደህና ነው፣ ችግሩ ከታች ነው አለቻት።

መስታወቱ ፊት አቆመቻት። ያኔ ነው ሁሉ ነገር የመጣላት። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ የተኛች መስላ ትጋደም ነበር። ደንበኞች ይሄዳሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ይከፈታል። እትዬ ሜትርም መጥረጊያዋን ታስቀምጥና በዚህ መስታወት ፊት ትጨፍራለች። ትከሻዋን ሰቅላ፣ ቀሚሷን ቆንጥራ፣ ስፒሏን እንደነከሰች። ልጅቷ ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አክስቷ ማንም አያየኝም ብላ የምታደርገው ነገር እንደሆነ ገብቷት ነበር፤ እያደር ራሷም ረሳችው። እጇ ግን አልረሳም። እና አሁን አክስቷን አህያ ማድረጓ ብቻ አይደለም፤ በሕይወቷ ሙሉ የደበቀችውን ምሥጢር አሳትማ፣ ጠርዛ፣ ለሰፈር አከፋፍላዋለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን እንዲህ ያለ ቀን አትከፈትም። አክስቷ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

የማንበቢያው ክፍል ጢም ብሏል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ወንበር ላይ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ቁልፍና ዚፕ ሻጭዋ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አታሚውም በሩ ጋ ቆሟል። እትዬ ሜትር ከፊት፣ ቀጥ ብላ። ሠዓሊዋ መጽሐፉን ለልጆቹ አዙራ ከፈተችው። «ዱብዱብ...» ብላ ስትጀምር አንዱ ልጅ ወለሉን በእጁ ዱብ ዱብ አደረገ። ሌላው ተከተለ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ባልዲው በወደቀ ቁጥር ሠላሳ እጅ ወለል ይመታል፣ ጭነቱ በተበተነ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ጫጩቷን የሚፈልጉት ደግሞ ያቻት! ያቻት! እያሉ አንገታቸውን እያሰገጉ ይሻማሉ። ሠዓሊዋ ፍርሃቷን ረሳችው። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ እሷም በእግሯ መምታት ጀመረች፣ ቡናማው ጫማ አንዴ፣ ጥቁሩ አንዴ። ደስታ እንደዚህ ነው፤ ሰውን ያታልላል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከፊት የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ መጽሐፉን አየች፣ እትዬ ሜትርን አየች፣ መጽሐፉን አየች። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ደግማ አየችውና በጣቷ ጠቆመች።

«አህያዋ እሷን ትመስላለች» አለች።

ዚፕ ሻጭዋ አፏን በእጇ ያዘች። ዳቦ ጋጋሪው ባለ አንድ እግሩ ሱሪ ትዝ ብሎት ይመስለኛል ጉልበቱን ገጠመ። እትዬ ሜትር እጇን ዘረጋች። ሠዓሊዋ መጽሐፉን ሰጠቻትና አንገቷን ደፋች።

አክስቷ መነጽሯን አደረገች። የልብስ ስፌት እንደምትመረምር ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ጥጉን በጣቷ እየዳበሰች፣ አንድ በአንድ ገለጠች። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የቆመው ግን ውርንጭላዋ ላይ አልነበረም፤ ከቅርጫቱ ሥር ነበር።

«ይቺ ጫጩት አንድ ዓይኗን ገልጣለች» አለች።

«አዎ፣ እቴቴ።»

«አንቺም ሁልጊዜ አንዱን መጨፈን ትረሺ ነበር።»

ሠዓሊዋ ቀና አለች። አክስቷ መነጽሯን አውልቃ ታያታለች፤ ቅንድቧ እንደተኮሳተረ ነው፣ ዓይኖቿ ግን እርጥብ ናቸው።

«መስታወት ለአንቺ ብቻ ያሳያል እንዴ?» አለች። «አንቺ እኔን ስታዪ እኔም አንቺን አያለሁ። ከመጣሽ ጀምሮ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረሽም። ምን ያልሞከርኩት አለ? አንድ ቀን ስጠርግ አዳልጦኝ ስወዛወዝ፣ በመስታወቱ ጥርስሽን አየሁት። ከዚያማ በየቀኑ ሆነ። አየሁሽ ብልሽ ትደበቂ ነበር። ለማን የምጨፍር መስሎሽ ነው?»

ሠዓሊዋ ይሄን ሁሉ ዓመት ምሥጢር ጠባቂ መስላ፣ ለካስ ምሥጢሩ ራሷ ነበረች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አህያ ስላደረግሁሽ ይቅር በይኝ ለማለት አፏን ስትከፍት፣ አክስቷ ቀደመቻት።

«አህያን ማን ጠላ?» አለች። «ስድብ የሚያደርጓትን ነው እንጂ። ይቺ ቆንጆ ናት። ግን ትከሻዋን ገልብጠሽዋል፤ እኔ የምሰቅለው የቀኙን ነው።»

እንዲህ ብላ ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀችና የእህቷ ልጅ አንገት ላይ አደረገችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ሠላሳ እጅ ወለሉን ዱብ ዱብ አደረገ። ሠርግ ቤት ከወንበሯ ተነሥታ የማታውቀው እትዬ ሜትር አረንጓዴ ቀሚሷን በሁለት ጣት ቆንጥራ መሃል ወጣች። አታሚው በሩን መምታት ጀመረ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ እያጨበጨበ ቆመ፣ ጥርሰ ወላቃዋም ተነሥታ ከኋላዋ ተከተለቻት። እውነትም ሽቅብ የተሰቀለው የቀኙ ትከሻ ነበር።

ሠዓሊዋ ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ፣ ከልጆቹ መሃል ቁጭ አለች። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቿን ገልጣ አየቻት።