አፈ ጠባቡ አባዡር

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፣ ሻይ ጣደች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ጠብሳ ቆማ በላች። ብርጭቆዋን አጥባ ደፋች። የሥራ ካፖርቷን ተኮሰች፣ ወስፌና መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የምትሄደው ወደ አውደ ርዕይ ቢሆንም እጇ መሣሪያ ሳይዝ ከቤት መውጣት አያውቅም፣ በቃ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከበር ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። «ጥድፊያ» ብሎ ስም ያወጣለት ባሏ ነበር፤ ስሙም እንደ ቆዳው ተጣብቆበት ቀረ። ጥድፊያ ሲመጣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ወርዶ በር ያንኳኳል፣ በሩ እየተከፈተም ስልክ ይደውላል። ዛሬ አንዴ ነፍቶ ዝም አለ። መንገዱን ሁሉም ወሬ አላበዛም። እንቅልፍ አልጠገበም ብላ አለፈችው።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ መሰላል ላይ ነበር። አንዱ ሊንጠባጠቡ የደረሱ የሚመስሉ የብርጭቆ መብራቶች ይሰቅላል። ሌላዋ ከመርከብ ገመድ የተጎነጎነ ወንበር እያሽከረከረች ፊቱን ወዴት እንደምታደርገው አልወሰነችም። ከወረቀት የተሠራ ደመና የሚያህል ነገር ከኮርኒሱ ወርዶ መተላለፊያውን ሸፍኗል። ከዚያ አልፈው ወደ ራሳቸው ማሳያ ሲዞሩ ቆም አለች።

ከመሀል የተሰቀለው ትልቁ የብራና አባዡር ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

«ማታ ደህና ነበር» አለ ጥድፊያ።

«ምን አደረግከው?»

«ምንም።»

«አንተ!»

«ስፌቱ ጋ ትንሽ እርጥበት ነበረው፣ እትዬ። ትንሽዬ። ከጎረቤቶቻችን የጸጉር ማድረቂያ ተዋስኩና…»

ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ብራና እርጥቡን ተወጥሮ ይሰፋል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን በራሱ ጊዜ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ሙቀት የነፉበት እንደሆነ ይቀደዳል። በእነሱ ቤት ይህን ድመቷም ታውቃለች።

«ስድቡን በኋላ አውርጂብኝ» አለ። «አሁን ሁለት ሰዓት ነው። በሩ አምስት ላይ ይከፈታል።»

የአዘጋጆቹ ደንብ አጭር ነበር፦ ቦታ ያገኙበት፣ ፎቶው የተላከው ዕቃ፣ በመክፈቻው ሰዓት ተሰቅሎና በርቶ ይገኝ። ካልተገኘ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ከነሸክላ ማሰሮዎቹ ከጎን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ የሰዉን ፊት ያነብባል። እነሱ ደግሞ ከተባረሩ ሌላ ቀን የላቸውም። ባሏ ካረፈ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ትእዛዝ ተቋርጧል፤ ከዚህ አውደ ርዕይ ሥራ ካልተገኘ ወርክሾፑን ሊዘጉ፣ ጥድፊያም ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊዘረጋ ተስማምተዋል። ባሏ ሠላሳ ዓመት የቆመበት ጠረጴዛ በዚያው ያበቃል ማለት ነው።

«ቤት ያለውን፣ ወንድሜ የሰፋውን እናምጣው» አለ ጥድፊያ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አይሆንም።»

«ፎቶው እኮ የሱ ነው!»

«የሱ መሆኑን አንተ አትነግረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄንን አስመስዬ የሰፋሁት ለምን መሰለህ? ያኛው ከቤት እንዳይወጣ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።»

ከጎን ያሉት ባለ ብርጭቆዎች የማይሰሙ መስለው መሰላላቸውን አንቀሳቀሱ። የሸክላው ሰውዬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እግሩን አፍታታ። እሷም አየችው። ካፖርቷን ቆለፈች።

«ቁልፉን አምጣ» አለች። «የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። አባዡሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደታመመ ልጅ ታቅፋዋለች። ጥድፊያ ሰቀለው፣ ራቅ ብሎ አየው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሁለቱም ትንፋሻቸው መለስ ያለ ጊዜ የኤሌክትሪክ ፈታሹ መጣ።

ፈታሹ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ በትንሽ መስታወት ከሥር ወደ ውስጥ አየና ቀስ ብሎ ወረደ።

«እናቴ፣ ይሄ የአምፖል መያዣ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ሽቦው ገና ጨርቅ የለበሰው ነው። እንዲበራ አልፈቅድም።»

«ባለቤቴ ከአሮጌ መብራት ነቅሎ ያሰረው ነው፤ ቤት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ አበራነው። አንድ ቀን አላስቸገረም።»

«ቤትዎ ሁለት ሺህ ሰው አይገባም።» ሰዓቱን አየ። «አራት ተኩል ላይ እመለሳለሁ። ተቀይሮ ካገኘሁት ማኅተሜን እመታለሁ። ካላገኘሁት ግን ከእኔ ምንም የለም።»

ጥድፊያ አዲስ መያዣ ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣና እጁን ከሥር አስገባ። የአባዡሩ አፍ ከአንድ አምፖል ብዙም አይሰፋም። ባሏ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ዓይን አምፖሉን ካየ ብርሃኑን አያይም ይል ነበር።

«ገባ?»

«ገብቷል። አይዞርም።»

«ካቻቢቴውን ያዝ።»

«በምኔ ልያዘው? በጥርሴ?» እጁን እያማጠ አወጣ። አንጓው ተልጧል። «ወንድሜ ይህን አፍ ሲያጠብብ እኔን እያሰበ ነው።»

አልሳቀችም። መያዣው የታሰረው ከላይ፣ አንገቱ ጋ ካለው ብረት ላይ ነው። እዚያ የሚደርስ እጅ የሚገባው ስፌቱ ሲከፈት ብቻ ነው።

«ከታች ብንከፍተውስ?» አለ ጥድፊያ፣ የምታስበውን እንዳወቀ ሁሉ።

«ከታች ከጀመርን ሁሉንም መፍታት ነው። ስፌቱ የሚያልቀው ላይ ነው፤ ቋጠሮውም እዚያ ነው።»

ስፌቱ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ነበር። እስከ ትከሻው ድረስ የተለካ ይመስላል። ከዚያ በላይ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ አንድ ቦታ ብራናው ሁለቴ ተወግቷል። ባሏ ሲሰፋው የብረት ቀፎውን ይዛ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ተወው፣ ነገ እኔ እጨርሰዋለሁ ብላው ነበር። «እጄ አይደለም፤ ብርሃኑ ነው ያነሰው» አላት። ሰዓቱ ቀትር ነበር፣ መስኮቱም ክፍት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሰፋም።

ጥድፊያ መቀሱን አነሳ።

«እጅህን!» አለች።

መቀሱን ተቀበለችው። ጠረጴዛውን ወደ መሰላሉ አስጠግታ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ዘረጋችበት። ቋጠሮውን ቆረጠች፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ እያንዳንዷን የክር ቁራጭ በተራዋ ወረቀቱ ላይ እየደረደረች። ጥድፊያ ጀርባውን ሰጥቶ የአዲሱን ሽቦ ጫፍ ይልጣል። ሰም የተቀባው ክር ጠንክሮ የተሰፋበትን ቅርጽ እንደያዘ ነው የሚወጣው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ብራናው እጅ የሚያስገባ ያህል ተከፈተ።

«ግባ» አለችው። «ብትቸኩል ግን…»

«አልቸኩልም።»

እውነትም አልቸኮለም። ብሎኑን በሁለት ጣት እያዞረ አወጣው። አዲሱን ሽቦ ሲያስር ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ብራናው እንዳይረጥብ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። አራት ከሩብ ሆነ። አራት ከሃያ። «ጨረስኩ» ብሎ እጁን አወጣ።

የብራናውን ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ አለሳለሰች፣ አዲስ ክር በሰም ሳበች፣ መሰላሉ ላይ ወጥታ መስፋት ጀመረች። መርፌዋን በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ነው የምታሳልፈው። ሁለቴ የተወጋው ቦታ ስትደርስ አንዱን መረጠችና አለፈች። ከኋላዋ ጥድፊያ ሲያጠራርግ፣ ሳጥን ሲገፋ፣ የጽዳት ጋሪ መተላለፊያውን ሲያንኳኳ ይሰማታል። አልዞረችም። ቋጠሮውን ስታጠብቅ ፈታሹ ከሥሯ ቆሟል።

«ያብሩት» አለ።

በራ። ብራናው የማር መልክ ያዘ፤ ቀጫጭን ደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ጅማት ብቅ አሉ። ፈታሹ በመስታወቱ አየ፣ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ለካ፣ ማኅተሙን ወረቀታቸው ላይ መታ። «ያምራል» ብሎ ሄደ። የሸክላው ሰውዬ ማሰሮዎቹን እየሰበሰበ ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መራጯ መጣች። የቤት ዕቃ መጽሔት ላይ ከአውደ ርዕዩ ሥራ እየመረጠች የምትጽፍ ሴት ናት፤ እሷ የጠቀሰችውን ዕቃ ሱቆች ይሻሙበታል። የብርጭቆዎቹን አልፋ፣ በገመዱ ወንበር ተቀምጣ ተነስታ፣ እነሱ ጋ ቆመች። ሰላምታ የላትም። አባዡሩን ዞረችው።

«አምፖሉ የት ነው?»

«ውስጥ ነው» አለች።

«እሱንማ ገባኝ። እንዳይታይ ያሰበው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

መራጯ አንገቷን ቀና አድርጋ ስፌቱን አየች። «እዚህ ላይ እጁ ተለወጠ።»

«እዚያ ላይ እኔ ነኝ።»

«በወር ስንት ትሠራላችሁ?»

ጥድፊያ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው። «ሦስት። ከዚያ በላይ አይደርቅም።»

መራጯ ሳቀች፣ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፣ ብዙ ጻፈች፣ ፎቶ አነሳች፣ አድራሻቸውን ወስዳ ሄደች። ከኋላዋ ሁለት ባለሱቆች ወዲያው ጠጋ አሉ። ጥድፊያ ለአንዱ ሲያስረዳ እጁ አየር ላይ እየበረረ ነበር። በመጨረሻ ሰው ሲቀል ዘወር ብሎ፣ «እትዬ! ወርክሾፑ አይዘጋም እኮ!» አላት።

«አይዘጋም» አለች። ጠረጴዛውን እያየች ነበር። «ወረቀቱስ?»

«የቱ?»

«ቡናማው።»

«እሱማ ቆሻሻ ነበር፤ ማሳያው እንዲጸዳ ጠቅልዬ ለጽዳቷ ሰጠኋት። ምነው፣ የምትፈልጊው ነገር ነበረው?»

ፊቱን አየችው። ወንድሙ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ክር ነው» አለች። «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ።»

በጎን በሩ ወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ ባዶ ጋሪዋን እያጠበች ነበር። «የቆሻሻ መኪናው አሁን ጭኖ ወጣ፣ እህቴ። የጠፋብሽ ዕቃ አለ?» አለቻት። የለም አለች። ትንሽ ቆማ ፊቷን ታጠበችና ተመለሰች። ማሳያው ፊት ሰው ተሰብስቦ ቀና ብሎ ያያል።

አባዡሩ ስልሳ ስፌት አለው። አርባ አንዱ የባሏ ነው። እሱ የሰፋቸው የመጨረሻዎቹ አሥራ ዘጠኝ የሉም።