ምንም አገልግሎት የማይሰጥ ክፍት ቦታ

ደብዳቤው ሩሃማ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ከገርጂ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ያለው ሜዳ «ምንም አገልግሎት የማይሰጥ ክፍት ቦታ» መሆኑ በመሥሪያ ቤታችሁ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ ለገበያ ማዕከል ግንባታ እንዲውል ተወስኗል፤ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦታው ድረስ ተገኝታችሁ አስረክቡ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በትእምርተ ጥቅስ የገቡት ቃላት የራሷ ናቸው። ኅዳር ላይ፣ በዚሁ ወንበር ተቀምጣ የጻፈቻቸው።

ሩሃማ ላጲሶ የአረንጓዴ ቦታዎችና የመዝናኛ ባለሙያ ናት። የከተማ ፕላን ተምራ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው። ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ተናግራ አታውቅም፤ የምትለውን ሁሉ በጽሑፍ ነው የምታቀርበው። ለዚህም ነው ባለፈው ጥቅምት የገርጂውን ሜዳ ፓርክ የማድረግ ሐሳብ እሷ ላይ የወደቀው። ሜዳውን በሜትር ስትለካ፣ የሜትሩን ጫፍ የያዙላት ጋሽ አብዱራሕማን ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸውና ሐኪሙ መራመድ አለብዎት አላቸው። የሚራመዱበት ስላልነበረ ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥተው በሜዳው ዙሪያ የቀይ አሸዋ መንገድ ሠሩ። መንገዱን የሠሩት ለእሳቸው እግር ቢሆንም አሁን ግቢው ሁሉ ይራመድበታል። ሩሃማ ጥናቷን ስትጀምር፣ የሁለት መቶ አሥራ አራት ነዋሪ ፊርማ ያሰባሰቡላትም እሳቸው ናቸው።

የበጀት ሰዎች ግን የገንዘብ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ መለሱት። «የቦታው ወቅታዊ አገልግሎት» በሚለው የቅጹ መስመር ላይ «ነዋሪዎች የሚራመዱበትና ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ» ብላ ሞልታ ነበር። አገልግሎት እየሰጠ ከሆነ ለምን በጀት ይጠየቅለታል? የሚል ማስታወሻ ይዞ ቅጹ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ የቡድን መሪዋ አቶ ኃይለኪሮስ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሩሃማ፣ ሰዎቹ የሚፈልጉት ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ነው በያቸውና ይለፍልን» አሏት።

ባዶ ነው አለቻቸው። ፊርማዎቹ ደግሞ ከእሷ ቃል ጋር ስለማይሄዱ ከፋይሉ አውጥታ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ያኔ ጥፋት የሠራች አልመሰላትም። ሜዳውን ለማዳን ሜዳውን መካድ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ታኅሣሥ ላይ በጀቱ ጸደቀ። ጋሽ አብዱራሕማን በደስታ ሜዳው ላይ ለሰው ሁሉ ቴምር አከፋፈሉ። የካቲት ላይ፣ በዓመቱ አጋማሽ ክለሳ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ሩሃማ ይህን ልትነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ «ትንሽ ዘግይቷል» ብላ ተመለሰች። ገንዘቡ ሄደ፤ ጽሑፏ ግን ሲስተሙ ውስጥ ቀረ። ባዶ ቦታ የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎች እዚያው አገኙት።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ አቶ ኃይለኪሮስ ክፍል ገባች።

«አየሁት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ምን ላድርግልሽ?»

«የማረሚያ ደብዳቤ እንጻፍ። ስህተት ነበር እንበል።»

«ስህተት?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት መቶ ሰው የሚራመድበትን ሜዳ ባዶ ነው ብሎ መጻፍ ስህተት ይባላል? ሐሰተኛ ሰነድ ነው የሚባለው። አንቺ አዘጋጀሽ፣ እኔ አጸደቅሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ ሩሃማ።»

«እርስዎ ነዎት እንደዚያ ጻፊ ያሉኝ።»

ይህን መናገሯን ራሷም አላመነችም። 

«በቃል ነው ያልኩሽ» አሉ። አልተቆጡም። እንዲያውም ትንሽ ያፈሩ መሰሉ፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ ይብስ ነበር። «ዓርብ መሥሪያ ቤቱን ወክለሽ የምታስረክቢው አንቺ ነሽ። ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ትፈርሚያለሽ፣ ያልቃል።»

ስትወጣ ጸሐፊዋ ሳና ከኮምፒውተሯ ጀርባ አየቻት። «እንዴ፣ ደም የሚባል ነገር ፊትሽ ላይ የለም። ምን አሉሽ?»

ሩሃማ ነገረቻት።

«ታዲያ ታመሚያ! ዓርብ ዓርብ ስንቱ ይታመም የለ? አንቺ ብቻ ነሽ በዚህ ቢሮ ጨጓራ የሌለሽ።»

«እኔ ከቀረሁ ሌላ ሰው ይልካሉ። ሌላ ሰው ደግሞ ሜዳውን አያውቀውም፤ ባዶ ነው ካሉት ባዶ ነው ብሎ ይፈርማል።»

ይህን ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሩሃማ ታችኛውን መሳቢያ ከፈተች። ፊርማዎቹ በላስቲክ እንደታሰሩ አሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በጋሽ አብዱራሕማን የተንቀጠቀጠ ጽሕፈት ጥቅምት አሥራ ስምንት ይላል፤ ጥናቷ ከተጻፈበት ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ። ይህን ወረቀት የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ያነባል፤ ሜዳው ባዶ እንዳልነበረና እሷም ይህን ታውቅ እንደነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ቦሌ ሚካኤል ወዳለው ቤቷ አልሄደችም። መገናኛ ወርዳ የገርጂ ታክሲ ያዘች። ሜዳው ላይ ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሁለት እንጨት ላይ ገመድ ወጥረው ቮሊቦል የሚጫወቱ ልጃገረዶች ይጯጯኻሉ። ጋሽ አብዱራሕማን ግራ እግራቸውን እየጎተቱ በቀዩ መንገድ ይመጣሉ። መነሻቸው ላይ ሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተቀምጧል። አንድ ዙር በጨረሱ ቁጥር ከአንደኛው ጠጠር አንስተው ወደ ሁለተኛው ይጥላሉ። ጠጠሮቹ ሃያ ናቸው።

«መጣች የፓርኳ ልጅ!» አሉ ከሩቅ።

ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚሰበስቡት ባለቤታቸው እማማ መኪያ አንገታቸውን አወጡ። «ሩሃማ! አግዳሚ ወንበሩን ጥላ ያለበት አድርጊልኝ። ይሄ ሰውዬ ሲደክመው ፀሐይ ላይ ነው የሚዘረጋው።»

«ማን ነው የሚዘረጋው? አንቺ እኮ አንድ ዙር ሳትጨርሺ ነው ቤት የናፈቀሽ!»

«እኔ ያመመኝ ነገር የለማ! ለጤነኛ ሰው አንድ ዙር ይበቃዋል!»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ሩሃማ ግን ልትስቅ ብትሞክር አልሆነላትም። ጋሽ አብዱራሕማን አጠገቧ ደርሰው ቆሙ።

«ምነው ልጄ? ቤት ሰላም አይደለም?»

«ጋሼ፣ ፓርኩ የለም» አለች። «ገንዘቡ ከሄደ አራት ወር ሆኖታል። ነገ ጠዋት ሜዳውን ለገበያ ሊረከቡት ይመጣሉ።»

«ሰው ያለበትን? እንዴት አድርገው?»

«ባዶ ነው ተብሎ ስለተጻፈ ነው።»

«ማን ነው እንደዚያ የጻፈ?»

መሬት መሬቱን አየች። «እኔ ነኝ። ባዶ ካላልን በጀት አይሰጡም ነበር። ምንም አገልግሎት አይሰጥም ብዬ ጻፍኩ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ጋሽ አብዱራሕማን ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት። «በዚች እጄ ሜትሩን ይዤልሽ?»

እጃቸውን መልሰው አወረዱት።

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰው እንደጫንኩ ባዶ ነው ብዬ ጋራዥ አስገብቼ አላውቅም።»

ሌላ ጊዜ ፊቷ ከከፋ «አብሽሪ» ይሏት ነበር። ዛሬ አላሏትም።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሜዳው ላይ ከተገኘ» አለች፣ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ «ርክክቡ ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። በዕለቱ የታየው ነው የሚጻፍበት። ለጎረቤት ቢነግሩልኝ…»

«እኔ?» አሉ ጋሽ አብዱራሕማን። «ፓርክ መጣልን ብዬ ቴምር ያከፋፈልኩ ሰውዬ፣ አሁን ምን ብዬ በር ላንኳኳ? አንቺው ንገሪያቸው።»

ዞረው መራመድ ቀጠሉ። ጠጠሩን ማንሳት ረስተውት ነበር።

ሦስት ሕንፃ፣ እያንዳንዱ አራት ፎቅ። ሩሃማ የመጀመሪያው በር ላይ ብዙ ቆመች። ታክሲ ውስጥ በስልክ እንኳ ጮክ ብላ መናገር የማትወድ ሴት ናት። አንኳኳች። ከዚያ በኋላ ስንት በር እንዳንኳኳች አልቆጠረችም። በየበሩ ያው ነው፤ «ሜዳውን ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እባካችሁ ውጡ።» አንዳንዱ ውሃ ጠጪ አላት። አንድ ሰውዬ «ዓርብ የሥራ ቀን እኮ ነው፤ አንቺ ላበላሸሽው እኔ ደሞዜ ይቆረጥ?» አላት። ልክ ነበር። አንዲት ሴት እስከ መጨረሻው ሰምታ በሩን ዘጋችው። ሦስተኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ የሰኔ ዝናብ መጣል ጀመረ።

ሌሊቱን አላባራም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሜዳው ጭቃ ሆኗል። የቮሊቦሉ ገመድ መሬት ላይ ተጋድሟል። አንድም ሰው የለም።

አንዲት ፒካፕ መጣች። ኋላዋ ላይ የአጥር ቆርቆሮና ቋሚ እንጨት ተጭኖ፣ ሠራተኞች ተቀምጠውበታል። ተረካቢዋ ዳናይት የምትባል፣ በሩሃማ ዕድሜ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። ሩሃማን ጃንጥላዋ ሥር አስጠጋቻት።

«ይቅርታ፣ በዚህ ዝናብ አስወጣንሽ። ቶሎ እንጨርሰው።» ቅጹን በፕላስቲክ ሸፍና አቀረበችላት። «ይሄንን አስረካቢ ነው የሚሞላው።»

ያው ነበር፤ «የቦታው ወቅታዊ አገልግሎት»። ከጎኑ አንድ መስመር ተኩል የሚሆን ነጭ ቦታ።

ሩሃማ እስክሪብቶውን ያዘች። በረንዳዎቹን አየች። አራት አምስት ሰው ቆሟል፤ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋለች። ማንም አልወረደም። ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ማውረድ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀዩ መንገድ ላይ ዘረገፏቸው፤ ደረቅ የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ስትወጣ ጸልያ ነበር። አሁን የሚጸለይበት ቃል አልመጣላትም። 

«ሩሃማ ነው ያልሽኝ? ባዶ ነው በይና ፈርሚ፤ ታዪው የለ» አለች ዳናይት በቀስታ።

ያኔ ነው የሕንፃው በር የተከፈተው። ጋሽ አብዱራሕማን ትልቅ የማዳበሪያ ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው ወጡ። ከኋላቸው እማማ መኪያ ጃንጥላ ይዘው «አንተ ሰውዬ፣ ትወድቅብኛለህ!» እያሉ ይከተላሉ። ሩሃማን አላዩዋትም። መነሻቸው ላይ ደርሰው ውሃ የሞላውን የጠጠር ቆርቆሮ ደፉ፤ ጠጠሮቹን ከጭቃው ለቅመው መለሱ። መራመድ ጀመሩ።

«እኚህ ሰውዬ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ዳናይት።

«እየተራመዱ ነው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በየቀኑ ነው።»

ሩሃማ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ነዋሪዎች በየቀኑ የሚራመዱበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ። ኅዳር ላይ በእኔ የተጻፈው ትክክል አልነበረም። ቦታው ስላልበቃት ወደ ኅዳጉ ወጣች። የፊርማውን እሽግ ከቦርሳዋ አውጥታ ከቅጹ ጋር ሰጠቻት።

ዳናይት ገለጥ ገለጥ አደረገች። ቀኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይሄ እኮ ጥቅምት ነው። ጥናትሽ ደግሞ ኅዳር ነው። ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«ዛሬ እኔ መረከብ አልችልም እንግዲህ። ግን ሰኞ ሌላ ሰው ይልካሉ፤ እሱ ይፈርማል። አንቺን ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ወረቀቶቹን ዝናብ እንዳይነካቸው አቅፋ ወደ መኪናው ሮጠች። ሠራተኞቹ ያወረዱትን ቆርቆሮ መልሰው አልጫኑትም፤ ሰኞ መመለሳቸው አይቀርም። ፒካፗ ጭቃ እየረጨች ሄደች።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አቶ ኃይለኪሮስ ናቸው። ዝም እስኪል ጠበቀች፤ እንደገና ጮኸ።

ጋሽ አብዱራሕማን የአጥሩ ቆርቆሮ የተዘረገፈበት ደርሰው ቆመዋል። ግራ እግራቸው ያን ያህል አይነሳም። እማማ መኪያ ጃንጥላውን ጥለው ቆርቆሮውን ሊጎትቱ ቢታገሉ አልነቃነቅ አላቸው። ሩሃማ ሮጣ በሌላው ጫፍ ያዘችው። ሹል ነበር፤ መዳፏን ቆረጣት። ሁለቱ ሆነው አንዱን ጎተቱት፣ ከዚያ ሌላውን፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት እስኪገኝ። በረንዳ ላይ ያሉት ያያሉ።

ጋሽ አብዱራሕማን አለፉ። ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ስንተኛዬ ነው? ጠፋብኝ።»

«አንደኛ ነው ጋሼ። ገና አልጨረሱትም።»

«እንግዲያው ጠጠሮቹ ጋ ቁሚና ቁጠሪልኝ» አሉ። «በትክክል።»

ሄዳ ቆመች። ዝናቡ አላባራም። መነሻው ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ በሚደማ እጇ አንድ ጠጠር አነሳች፣ ወደ ሁለተኛው ቆርቆሮ ጣለችው። አሥራ ዘጠኝ ቀረ። ስልኳ ይጮኻል።