የሙሽራው ኮት

አባቴ ሰው የሚያምነው በኮቱ ነው። ፊት ይዋሻል፣ አፍ ይዋሻል፣ ትከሻ ግን አይዋሽም ይላል። ልብስ ሲሰፋ ያረጀ ሰው እንዲህ ያለ እምነት ቢኖረው አልፈርድበትም፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ስሰፋ ነው ያደግኩት። የፈረድኩበት ሙሽራውን ያመነ ቀን ነው።

ሙሽራው የምንለው የሠርጉን ሙሉ ልብስ የሰፋንለትን ሰውዬ ነው። ሠርጉ ካለፈ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን እኛ ቤት አልተለወጠም። ያንኑ ኮት ለብሶ በሱቃችን በር ብቅ ሲል አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና አለና መጀመሪያ ያየው ሰውየውን ሳይሆን እጅጌውን ነው። ተነሥቶ ገበሩን ገልጦ አየ፣ የአንገቱን እጥፋት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አንድ ክር አልተተረተረም።

"ልብሱን እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው የሰው አደራ አይበላም" አለኝ በኋላ።

ሙሽራው የመጣው ግን ለልብስ አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ "ሽው" የሚባል ነገር አሳየን። ሽው፣ እንደ እሱ አባባል፣ በስልክ መክፈያ ነው። ኪስ ቦርሳ የሚባል ነገር ሊቀር ነው፤ ከዳቦ ቤት እስከ ሐኪም ቤት ሁሉም በሽው ሊከፍል ነው፤ ቀድሞ የገባ ወኪል ይሆናል። ወኪል ለመሆን መመዝገቢያ ይከፈላል። ከዚያ አንድ ሰው ባስገባህ ቁጥር ከመመዝገቢያው ላይ ያንተ ድርሻ ስልክህ ላይ ይታያል፤ ያስገባኸው ሰው ሌላ ሲያስገባም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ሲናገር ትንፋሽ አልወሰደም። ምላሱ ጤፍ ይቆላል።

"ቆይ፣ በዚህ ነገር እስካሁን ምን ተገዛ?" አልኩት።

"እንዴት ማለት?"

"መክፈያ ነው አልክ እኮ። ምን ተከፈለበት?"

"አይ እኅቴ፣ አንቺ ገና መርፌ ላይ ነሽ፤ ዓለም የት ደርሷል!" ብሎ ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ። እኔ ጥያቄዬ እንዳልተመለሰ አስተዋልኩ፤ ሥራ ስለነበረብኝ ግን ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

አባቴ ገባ። ብቻውን ቢገባ ደግ ነበር። ጎረቤታችንን ፀጉር ሠሪዋን አስገባ፣ ማዶ ያለውን ጫማ ሰፊ አስገባ፣ ታላቅ እኅቱን፣ አክስቴን፣ አስገባ። ሽው ምን እንደሆነ አንዳቸውም አልጠየቁም። "ጋሼ ካሉ እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ፀጉር ሠሪዋ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች። ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር በየቀኑ ያድጋል። አባቴ በሻይ ሰዓት መነጽሩን እያስተካከለ ያየዋል። ላውጣ ሲል ግን ስልኩ "ዋና ጣቢያ ሲሆኑ ያወጣሉ" ይለዋል። ዋና ጣቢያ ለመሆን ደግሞ የመጀመሪያውን የሚያስረሳ ሌላ ክፍያ አለ።

"ላም አለኝ በሰማይ" አልኩት።

"ወተቷንም አየሁት እኮ፣ ይኸው!" አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

ለዋና ጣቢያነት ሊሸጥ ያሰበው የቁልፍ ቤት መኪናችንን ነው። የሸሚዝ ቁልፍ የሚገባበትን ቀዳዳ ቀድዳ ዙሪያውን በክር የምትዘጋ መኪና ናት። በመንገዳችን ላይ ካሉት ልብስ ስፌት ቤቶች እሷ ያለችው እኛ ጋ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ሰፊ ሁሉ ሸሚዙን ጨርሶ ለቀዳዳው ወደ እኛ ይልካል። ሥራ ሲቀዘቅዝ የምታበላን እሷ ናት። እናቴ በሕይወት ሳለች ጆሮዬን አመመኝ እያለች የምትረግማት፣ ስትበላሽ ደግሞ ቤቱ ጭር አለ ብላ የምታዝንላት መኪና ናት። የላይኛው መንገድ ሰፊ ሽጡልኝ እያለ ሲለምን ኖሯል። አባቴ "ቅዳሜ ና" ብሎ ላከበት። ይህን ስሰማ መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አባቴ ቆርጦ አይመለስም፤ ጨርቅም ይሁን ነገር።

ዓርብ ዕለት ሙሽራው ራሱ ተመልሶ መጣ። የኮቱ ቁልፍ አልደርስ ብሎታል፤ ሆዱ ቀድሞታል። ሽው ለሌላው ባይሆንም ለእሱ ሳይስማማው አልቀረም። "ትንሽ አስፉልኝ" አለ። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካው፣ ጎንና ጎኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። እኔ ዋጋውን ነገርኩት። ቀብድ ሳንቀበል ሥራ አንይዝም፤ ይህን ደንብ ያወጣው አባቴ ነው። ሙሽራው እጁን ኪሱ ከተተና የወረቀት ገንዘብ መዘዘ።

እጄን አልዘረጋሁም። "በሽው ክፈለና" አልኩት።

"እ?"

"እኛም ወኪል ነን፣ አንተም ወኪል ነህ። ከስልክ ወደ ስልክ ላክልን።"

"ሲስተሙ ዛሬ እየታደሰ ነው።"

"እሺ፣ ልብሱን ስትወስድ ትከፍላለህ።"

"ለመቀበል እኮ ዋና ጣቢያ መሆን አለባችሁ፤ አባባ ነገ ሲጨርሱ…"

"አንተ ዋና ጣቢያ ነህ አይደል? አንተስ በሽው የት ነው የምትከፍለው?"

አባቴ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሟል። "አንተ ልጅ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለቤትህ ዳቦ በምን ነው የምትገዛው?"

ሙሽራው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢዋሽ ይሻለው ነበር። አባቴን የልቤ ሰው ብሎት ሚስጥር ሊያካፍለው ፈለገ መሰለኝ፣ ጠጋ ብሎ ክንዱን ያዘው።

"አባባ፣ ዳቦውን ይተዉት። በሽው ዳቦ የገዛ ሰው እኔም አላየሁም። ገንዘቡ ያለው መግዛቱ ላይ አይደለም፤ ሰው ማስገባቱ ላይ ነው። እርስዎን ደግሞ ሰው ያምንዎታል።"

አባቴ ክንዱን አስለቀቀ። ኮቱን አስወለቀውና አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ሲያልቅ እንደውልልሃለን" አለው። ሙሽራው ቀብዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "የነገውን እንዳይረሱ!" እያለ በሸሚዙ ወጣ።

አባቴ ኮቱን ገልብጦ ስፌቱን ሲያይ ቆየ። "እኔ እሱን አይደለም ያመንኩት" አለ። "የገዛ እጄን ሥራ ነው ያመንኩት። ጥሩ አድርጌ ሰፍቼው ነበር።"

ደስ አለኝ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ እኔ ደስ አለኝ። መኪናዋ ተረፈች ብዬ ዘይት ቀባኋት፣ ከሥሯ የተከማቸውን የክር ብናኝ ጠረግኩ፣ የቀረውን ቀን እያንጎራጎርኩ ሰፋሁ።

በማግስቱ የላይኛው መንገድ ሰፊ ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። "ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል" ብዬ በሩ ላይ ተገተርኩ። አባቴ ከኋላዬ "አሳልፊያቸው" አለ።

"ለሽው?" አልኩ ዞሬ።

"ለሽው አይደለም። ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለጫማ ሰፊው፣ ለአክስትሽ።"

"ወደው ነው እኮ የገቡት! አንገታቸውን ይዘህ ነው ያስገባሃቸው?"

"ሽውን ብለው የገቡ እንዳይመስልሽ። የገቡት እኔን ብለው ነው።"

መኪናዋን ተሸክመው ሲያወጧት እግሮቿ ቆመው የኖሩበት ወለል ነጥቶ ታየ። ገዢያችንን ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም።

አባቴ ገንዘቡን በየሰዉ በር አደረሰ። ጫማ ሰፊው ተቀብሎ አመሰገነው። አክስቴ ተቀብላ ሰደበችው። ፀጉር ሠሪዋ ግን አልቀበልም አለች። "ጋሼ፣ አድጎልኝ የለም እንዴ! ምን ምቀኛ ነው የነገረዎት?" እያለች ስልኳን ዓይኑ ሥር ወሰደችው። የደንበኛ ፀጉር በአረፋ እንደተሸፈነ አባቴ ቆሞ አስረዳት። ያንቺ ትርፍ ካንቺ ኋላ የገባው ሰው መመዝገቢያ ነው፤ የእሱም ከእሱ ኋላ ከገባው ነው፤ የሚገባ ሰው ሲያልቅ ነገሩ ያልቃል፤ በዚህ ነገር የተሸጠም የተገዛም የለም አላት። አላመነችውም። ገንዘቡን መስታወቱ ሥር አስቀምጦላት ወጣ።

እሷም ያንኑ ገንዘብ ይዛ ሙሽራው ጋ ሄደች። ዋና ጣቢያ ሆነች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ፀጉሬን እያበጠረች፣ በኩራት።

ሽው አንድ ቀን ጠዋት አልከፈት አለ። የሙሽራው ስልክም አይሠራም፤ ኮቱ አልቆለት ሊወስደው አልመጣም። ፀጉር ሠሪዋ የቀለም ጓንቷን ሳታወልቅ መጥታ የደንበኛ ወንበራችን ላይ ተቀመጠች። "ነግረውኝ ነበር ጋሼ" አለችና አለቀሰች። አባቴ ሥራውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። አልመከራትም። ብዬሽ ነበርም አላላትም። እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ስትነሣም እስከ በሯ ሸኛት።

ሲመለስ ፈነዳሁበት። "በቃ፣ መኪናችን ዞራ ዞራ ሙሽራው ኪስ ገባች! ታዲያ ለምን ሸጥካት?"

አባቴ ጀምሮት የነበረውን ሸሚዝ አነሣ። የቁልፍ ቤቱን አሁን በእጁ ነው የሚሠራው፤ አንዱን ሸሚዝ ለመጨረስ መኪናዋ ክምር የምትጨርስበትን ጊዜ ይወስድበታል።

"ስታለቅስ አየሽኝ?" አለ። "ፊት ፊቷን ነበር የማያት። መኪናዋ እዚያ ጥግ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ የት እንደማይ አላውቅም ነበር።"

መኪናዋ የነበረችበትን ጥግ አየሁ፤ የሙሽራው ኮት ሰፍቶ፣ ተተኩሶ እዚያ ተሰቅሏል። ንዴቴ አልበረደም፤ ዛሬም አልበረደም። አባቴ መርፌውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ክሩን ሊያሾልክ ሞከረ፣ ሳተው፣ ክሩን በከንፈሩ አርጥቦ እንደገና ሳተው። መርፌውን ከእጁ ወስጄ አሾለክሁለት።